የአየር ማረፊያ ማውረጃ ክፍያ ደብዳቤ ሲመጣባችሁ

ለንደን የምንኖር ሐበሾች ከአየር ማረፊያ ርቀን አናውቅም። አንዱ ለፋሲካ አገር ቤት ይገባል፣ ሌላዋ እናቷን ትሸኛለች፣ ሌላው ለቅሶ ለመድረስ በአንድ ቀን ቲኬት ቆርጦ ይነሳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሚነሳበት በሂትሮው ተርሚናል 2 በር ላይ ሻንጣ ሲወርድ፣ ሽማግሌ ሲመርቅ፣ ሕፃን ሲሳም ማየት የተለመደ ነው። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ በፖስታ ነው፤ ሰው ያወረዳችሁበትን ሳትከፍሉ ቀርታችኋል የሚል የክፍያ ደብዳቤ።

እኔም እንዲህ ያለ ደብዳቤ በስሜ መጥቶብኝ እስከ መጨረሻው ተከታትየዋለሁ። ከዚያ ወዲህ የሌሎችንም ደብዳቤ ማንበብ ልማዴ ሆኗል። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ከኮታቸው ኪስ አጣጥፈው የሚያወጡ ጋሼዎች አሉ። «ልጄ፣ እስቲ ይቺን እዪልኝ፤ መንግሥት ቀጣኝ መሰለኝ» ይሉኛል። አብዛኛውን ጊዜ መንግሥት አልቀጣቸውም። ግን ፈርተው ከፍለው የጨረሱም፣ ንቀው የጣሉትም አሉ። ሁለቱም ያሳዝኑኛል፤ ስለዚህ የማውቀውን በደንብ ልጻፈው።

መጀመሪያ ክፍያው ራሱ እንዴት እንደሚሠራ። ቦሌ መኪና ይዞ የገባ ሰው የሚከፍለው ሲወጣ፣ መውጫው ላይ ነው። ስለዚህ ከፋይም ተከፋይም ይተያያሉ። ሂትሮውና ጋትዊክ ግን ተርሚናሉ በር ላይ ገንዘብ የሚቀበል ሰው የለም። የሚነሳና የሚወርድ ብረትም የለም። ካሜራ ታርጋችሁን ያነሳል፣ እናንተ ትሄዳላችሁ። ከዚያ እስከ ማግስቱ እኩለ ሌሊት፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ድረስ፣ በኢንተርኔት ወይም በስልክ መክፈል የእናንተ ፋንታ ነው። ምልክቱ ተሰቅሏል። ነገር ግን ከኋላ ታክሲ እየነፋባችሁ፣ ከጎን «ፓስፖርቱ የታለ?» እየተባለ ምልክት የሚያነብ ማን ነው?

ሁለቱም ይህን ክፍያ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ያኔ 5 ፓውንድ ነበር። በ2025 ሂትሮው 6፣ ጋትዊክ 7 አደረሱት። ዋጋው ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች ሲሄድ አላየሁም፤ ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት የዕለቱን ሒሳብ አየር ማረፊያው ራሱ ካወጣው መረጃ ላይ እዩ። ደግሞ አንድ ነገር አስምሩበት፦ የሚከፈለው በቀን አይደለም። በገባችሁ ቁጥር ነው።

የእኔ ጉዳይ የመጣው እዚህ ላይ ነው። አክስቴ አዲስ አበባ ልትመለስ ነበር። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ቤት ውስጥ በእጅ ሚዛን ተመዝኖ፣ ተቀናንሶ፣ እንደገና ታስሮ ነበር የወጣው። እዚያ ስትደርስ ግን በለጠ። ለእህቷ ልጆች የገዛችው ጫማ፣ ሰው «አድርሺልኝ» ብሎ የሰጣት ዕቃ፣ ምን ያልነበረ ነገር አለ። መኪናው ከአየር ማረፊያው ወጥቶ መንገድ ከጀመረ በኋላ ስልክ ተደወለ። «ኧረ ተመለሱልኝ፣ ይሄን ልጥለው ነው እንዴ?» አለች። መኪናው ዞሮ ገባ፣ የተረፈውን ዕቃ ጭኖ ወጣ። ማታ ክፍያው ተፈጸመ፣ አንድ ጊዜ። ካሜራው ግን መኪናውን ሁለት ጊዜ አይቶታል።

የትኛው አየር ማረፊያ እንደሆነ ልተወው። ያን ቀን ማን እንደነዳም እዚህ አልጽፍም። ምክንያቱን ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ።

ደብዳቤው የመጣው በእኔ ስም ነው፤ የመኪናው ሎግ ቡክ (የምዝገባ ደብተሩ) ላይ ያለው ስም የእኔ ነዋ። ክፍያውን የሚቆጣጠሩት የግል የፓርኪንግ ኩባንያዎች የተመዝጋቢውን ስምና አድራሻ ከዲቪኤልኤ፣ ማለትም ከመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤቱ የሚያገኙት በአንድ ጥያቄ 2.50 ፓውንድ እየከፈሉ ነው። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ይናደዳል። ቢሆንም የተፈቀደ አሠራር ነው። ወረቀቱ ላይ የመኪናው ፎቶ፣ የገባበትና የወጣበት ሰዓት፣ ከዚያ በደማቁ የተጻፈ የገንዘብ መጠን አለ። ለምሳሌ የሂትሮው 80 ፓውንድ ነው፣ በ14 ቀን ውስጥ ከተከፈለ 40። የጋትዊክ 100 ነው፣ ቶሎ ከተከፈለ 60። ይሄ ቅናሽ ነው ሰውን የሚያጣድፈው።

ወረቀቱ እንደደረሳችሁ መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ ማን እንደላከው ነው። ሁሉም «ፒሲኤን» ይላሉ፣ መልካቸውም ይመሳሰላል። ካውንስል ወይም የለንደን ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የሚልከው «ፔናልቲ ቻርጅ ኖቲስ» ነው። እሱ በሕግ የተደነገገ ቅጣት ነው፤ ማንም ይንዳው ማን፣ ተጠያቂው የመኪናው ባለቤት ነው፤ ባለቤት የሚባለውም በአብዛኛው ሎግ ቡክ ላይ ያለው ሰው ነው። የግል ኩባንያ የሚልከው ግን «ፓርኪንግ ቻርጅ ኖቲስ» ነው። ይሄኛው በምልክቱ ላይ ተጽፎ የነበረውን ውል ጥሳችኋልና ክፈሉኝ የሚል የኩባንያ ጥያቄ ነው። ወንጀል አይደለም። መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ ነጥብ አያስቆጥርም። የመኖሪያ ፈቃድ ወይም የዜግነት ማመልከቻ ያላቸው ሰዎች በጣም ስለሚፈሩ ነው ይሄን ጠንከር አድርጌ የምለው።

በአንድ ጉዞ ሁለቱም ዓይነት ሊመጣባችሁ ይችላል። ሂትሮው ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ዩሌዝ በሚባለው፣ አየር የሚበክሉ መኪኖች በሚከፍሉበት የለንደን ክልል ውስጥ ነው። መኪናችሁ አሮጌ ናፍጣ ከሆነ ለመውረጃው ከምትከፍሉት በተጨማሪ በቀን 12.50 ፓውንድ የዩሌዝ አለባችሁ። የዩሌዙን ካልከፈላችሁ የሚመጣው የመንግሥት ነው፤ 180 ፓውንድ፣ በ14 ቀን ከተከፈለ 90። ከዚህ በታች የምጽፈው ለእሱ አይሠራም። በፍጥነት ወይም በቀይ መብራት ምክንያት ፖሊስ «ማን ነበር የሚነዳው?» ብሎ ሲጠይቅ ደግሞ መመለስ ግዴታ ነው፤ አለመመለስ ራሱ ወንጀል ነው። እባካችሁ እነዚህን አታደባልቁ።

አሁን ወደ ራሴ ደብዳቤ ልመለስ። ዋናው ጥያቄ ኩባንያው ከማን ነው መጠየቅ የሚችለው የሚል ነበር። ውል የገባው መኪናውን የነዳው ሰው ነው። ኩባንያው የነዳውን አያውቅም፤ የሚያውቀው የተመዝጋቢውን ስም ብቻ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ በ2012 የወጣው «ፕሮቴክሽን ኦፍ ፍሪደምስ አክት» የሚባለው ሕግ፣ አባሪ 4 ላይ፣ ለዚህ መላ ሰጥቷቸዋል። ኩባንያው የተቀመጡትን ቅድመ ሁኔታዎች ካሟላ፣ የነዳው ካልታወቀ ተመዝጋቢውን መጠየቅ ይችላል።

ቅድመ ሁኔታዎቹ ግን ጥብቅ ናቸው። አንደኛው ጊዜ ነው። መኪናው ላይ ወረቀት ካልተለጠፈ ደብዳቤው በ14 ቀን ውስጥ ለተመዝጋቢው መድረስ አለበት። መቁጠር የሚጀመረው ከነገሩ ማግስት ነው። በፖስታ የተላከ ደብዳቤ ከተላከ በሁለተኛው የሥራ ቀን እንደደረሰ ይቆጠራል። ሌላው ደብዳቤው የሚይዘው ቃል ነው፤ በ28 ቀን ውስጥ ካልተከፈለና የነዳው ሰው ካልታወቀ ተመዝጋቢውን የመጠየቅ መብት እንዳላቸው በግልጽ ማስጠንቀቅ አለበት። በሌጣ «ክፈል» ማለት አይበቃም።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ሦስተኛው ነው። ሕጉ የሚሠራው በሁሉም መሬት ላይ አይደለም። በሌላ ሕግ የመኪና ማቆም ቁጥጥር የተደነገገበት መሬት ከዚህ ውጭ ነው። ብዙዎቹ ትልልቅ አየር ማረፊያዎች ደግሞ የራሳቸው ደንብ አላቸው። በእንግሊዝኛው «ባይሎው» የሚሉት ነው፤ መሠረቱ በ1986 የወጣው የአየር ማረፊያዎች ሕግ ነው። ሂትሮውም ጋትዊክም አላቸው። መሬቱ በዚህ ደንብ ሥር ከሆነ ኩባንያው በ2012ቱ ሕግ ተመዝጋቢውን መያዝ አይችልም። መያዝ የሚችለው የነዳውን ሰው ነው። የነዳውን ደግሞ ማንም ካልነገረው አያውቀውም።

ማን እንደነዳ የማልጽፈው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሐቅ አንድ ነገር ልበል፤ ሰዎች ሲያወሩ አንዳንዱ ነገሩን ያበላሸዋል። ዝም ማለት ይፈቀዳል። መዋሸት አይፈቀድም። እናንተ ነድታችሁ «አልነዳሁም» ብላችሁ አትጻፉ። የሌላ ሰው ስምም አትስጡ። ፍርድ ቤት ቢደርስ በፊርማችሁ የምታረጋግጡት ቃል ነው። «እኔ የመኪናው ተመዝጋቢ ነኝ» ማለት ግን እውነት ነው፣ ይበቃልም። ስትጽፉ ታዲያ አንደበታችሁን ጠብቁ። «አክስቴን ላወርድ ስገባ» ብላችሁ ከጀመራችሁ ነገሩ እዚያው አለቀ። ኢንተርኔት ላይ ያለው የአቤቱታ ቅጽ ራሱ «ሹፌሩ ነህ ወይስ ተመዝጋቢው?» ብሎ ይጠይቃል። ሳታስቡ አትጫኑ።

የጻፍኩት በጣም አጭር ነበር። የመኪናው ተመዝጋቢ እንደሆንኩ፣ የነዳውን ሰው ማንነት እንደማልገልጽና የመግለጽ ግዴታ እንደሌለብኝ፣ ቦታው በአየር ማረፊያው ደንብ ሥር ስለሆነ በ2012ቱ ሕግ ተመዝጋቢ ሊጠየቅበት የሚችል መሬት እንዳልሆነ፣ ደብዳቤያቸውም ሕጉ የሚያዝዘውን ማስጠንቀቂያ እንዳልያዘ። በመጨረሻ ለሁለተኛው መግቢያ ያልተከፈለ ሒሳብ ካለ፣ የመውረጃውን ዋጋ ያህል በመልካም ፈቃድ ለመክፈል ዝግጁ እንደሆንኩ ጨመርኩ። ይሄኛውን የጨመርኩት ሕግ አስገድዶኝ አይደለም። ቦታውን የተጠቀመ ሰው የቦታውን ዋጋ ይክፈል ብዬ ስለማምን ነው። የማልቀበለው የጥቂት ፓውንድ ሒሳብ በአንድ ሌሊት አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ መሆኑን ነው። በተለይ ለመጀመሪያው መግቢያ የተከፈለበት ደረሰኝ እያለ።

አቤቱታውን የላክሁት በ14 ቀኑ ውስጥ ነው፤ እናንተም እንደዚያው አድርጉ። የአቤቱታ ጊዜው 28 ቀን ነው። ነገር ግን በቅናሹ ጊዜ ውስጥ ካመለከታችሁ፣ ውድቅ ሲያደርጉት ቅናሹን አብዛኛውን ጊዜ ለሌላ 14 ቀን መልሰው ይሰጧችኋል። ቢያንስ የምታጡት ነገር የለም። የላካችሁትን ሁሉ ቅጂ ያዙ። በኢንተርኔት ቅጽ ከሆነ ደግሞ ከመላካችሁ በፊት ስክሪኑን ፎቶ አንሱት።

መልሳቸው «አልተቀበልነውም» ነበር። ደብዳቤው ረጅም ነው፤ ስለ ምልክቶቻቸው ብዛት ብዙ ያወራል፤ እኔ ያነሳሁትን የመሬቱን ጉዳይ ግን አልነካውም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚከፍለው። እኔም በዚያ ሳምንት ካርዴን አውጥቼ ልገላገል የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር። ግን የመጀመሪያው አቤቱታ የሚታየው በራሱ በኩባንያው ነው። ከሳሹም ዳኛውም እሱ ነው። ገለልተኛ ሰው የሚያየው ቀጥሎ ነው።

ኩባንያው ብሪቲሽ ፓርኪንግ አሶሲዬሽን የሚባለው የፓርኪንግ ኩባንያዎች ማኅበር አባል ከሆነ ይግባኙ የሚታየው ፖፕላ በሚባለው አካል ነው። የሌላኛው ማኅበር አባል ከሆነ አይኤኤስ በሚባለው ነው። የትኛው እንደሆነ ውድቅ ባደረገው ደብዳቤ ላይ ተጽፏል። ለፖፕላ የሚያስፈልጋችሁ የኮድ ቁጥርም እዚያው አለ። ያ ደብዳቤ እንዳይጠፋባችሁ። ለፖፕላ ለማመልከት 28 ቀን አላችሁ፤ ምንም አይከፈልበትም። ፖፕላ ለእናንተ ከወሰነ ኩባንያው ይገደዳል። ለኩባንያው ቢወስን ግን እናንተን አያስገድድም፤ ኩባንያው ገንዘቡን ከፈለገ ፍርድ ቤት መሄድ አለበት። በአንጻሩ ፖፕላ ከገባችሁ ቅናሹ ይቀራል። ይሄን አስባችሁ ግቡ።

ለፖፕላ የጻፍኩት ከመጀመሪያው ረዘም ያለ ነው። ነጥቦቹን በየተራ አስቀመጥኩ። የመሬቱን ጉዳይ አስቀደምኩ። የአየር ማረፊያውን ደንብ ራሱን አያያዝኩ፤ ብዙዎቹ ደንባቸውን ካርታው ሳይቀር በይፋ አውጥተውታል። ኩባንያው የነዳው እኔ መሆኔን የሚያሳይ አንድም ማስረጃ እንደሌለው ጻፍኩ። ፎቶው የሚያሳየው ታርጋ ነው፤ ሰው አይታይም። ተመዝጋቢ ነው ማለት ደግሞ ሹፌር ነው ማለት አይደለም። በቤታችን አንድ መኪና ለስንት ሰው እንደሚያገለግል ሁላችንም እናውቃለን። ቅጹ ላይ ምክንያት ምረጡ ሲላችሁ «ሌላ» የሚለውን መርጣችሁ የጻፋችሁትን በፋይል ብታያይዙ ይሻላል። በትንሿ ሳጥን ውስጥ ይሄ ሁሉ አይጻፍም።

ከዚያ ኩባንያው ማስረጃውን እንዲያቀርብ ይጠየቃል። ካቀረበ እናንተ አስተያየት ለመስጠት 7 ቀን ብቻ ነው ያላችሁ፤ ኢሜይላችሁን እየከፈታችሁ ተከታተሉ። በእኔ ጉዳይ ኩባንያው አልተከራከረም። ጥያቄውን ሰረዝኩ ብሎ ወጣ። ይቅርታ የለም፣ ማብራሪያም የለም። የመውረጃውን ሒሳብ ልክፈል ያልኩትንም ማንም አልጠየቀኝም።

ሁሉም ሰው እንዲህ ያድርግ አልልም። ነድታችሁ ከሆነና ይሄንንም በጽሑፍ አምናችሁ ከሆነ፣ ምልክቱም በደንብ የሚታይ ከሆነ፣ በቅናሹ ከፍሎ መገላገል አያሳፍርም። ታርጋ ስታስገቡ አንድ ፊደል ተሳስታችሁ ከፍላችሁ ከሆነ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። ደረሰኙን አያይዙና ላኩ። የፓርኪንግ ኩባንያዎች ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የሚመሩበት የጋራ የአሠራር ደንብ እንዲህ ላለ ስሕተት መላ አለው። ኦ ፊደል በዜሮ ቁጥር እንደመቀየር ያለ ጥቃቅን ስሕተት ከሆነ መሰረዝ አለባቸው። ከበድ ያለ ከሆነም ወደ 20 ፓውንድ ዝቅ ያደርጉታል።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝን ልናገር። «ጣለው ባክህ፣ ምንም አያመጡም» የሚለው ምክር ነው። ይሄ ምክር አንድ ዘመን ላይ ብዙ ይሠራ ነበር። አሁን ሰው እየጎዳ ነው። በኅዳር 2015 የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የባሪ ቢቪስን ጉዳይ ወስኗል። ሰውዬው ቼልምስፎርድ በሚገኝ የገበያ ማዕከል ከተፈቀደው ሁለት ሰዓት በላይ መኪናውን አቁሞ 85 ፓውንድ ተጠየቀ። ይሄ የተጋነነ ቅጣት ነው ብሎ እስከ ላይ ድረስ ተከራከረ፤ ተሸነፈ። ከዚያ ወዲህ የግል ኩባንያ ደብዳቤ ሕጋዊ ዋጋ የለውም ማለት አይቻልም። ኩባንያው ለመክሰስ 6 ዓመት ጊዜ አለው።

የማውቃት አንዲት እናት የደረሰባት ይሄ ነው። ቤት ስትቀይር ለሐኪም ቤቱ ተናገረች፣ ለባንኩ ተናገረች፣ ሎግ ቡኩን ግን ማንም አላስታወሳትም። ደብዳቤዎቹ ሁሉ የድሮ ቤቷ ሄዱ። የዕዳ ሰብሳቢው፣ የጠበቃው፣ በመጨረሻ የፍርድ ቤቱ። መልስ ስላልሰጠች በሌለችበት ተፈረደባት። ያወቀችው ቤት ለመግዛት ብድር ስትጠይቅ ነው። «ሲሲጄ አለብሽ» አሏት። በእንባ ነው የነገረችኝ።

ሲሲጄ የሚባለው የካውንቲ ፍርድ ቤት ፍርድ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ሙሉውን ከከፈላችሁ ከመዝገቡ ይሰረዛል። ካለፈ 6 ዓመት ይቀመጣል። ብድር፣ የስልክ ውል፣ ቤት ኪራይ ሁሉ ላይ ይነካችኋል። ደብዳቤው ሳይደርሳችሁ የተፈረደባችሁ ከሆነ ኤን 244 በተባለው ቅጽ ፍርዱ እንዲነሳ ማመልከት ይቻላል፤ ግን ያስከፍላል፣ ሳትዘገዩ መሆንም አለበት። እሷ አመለከተችና ፍርዱ ተነሳላት። ያጠፋችው ጊዜና ገንዘብ ግን መጀመሪያ ከተጠየቀችው በብዙ ይበልጣል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ሎግ ቡካችሁን አውጡና አድራሻውን እዩ። መንጃ ፈቃዱና ሎግ ቡኩ ለየብቻ ነው የሚቀየሩት፤ አንዱን መቀየር ሌላውን አይቀይርም። ሁለቱም በነፃ ነው። አለመቀየር ራሱ እስከ 1,000 ፓውንድ ያስቀጣል።

ደብዳቤዎቹንም ለዩ። ዕዳ ሰብሳቢ ነኝ የሚል ቀይ ቀለም የበዛበት ወረቀት ቢመጣ አትሸበሩ። እነሱ ቤታችሁ ገብተው ዕቃ የመውሰድ ሥልጣን የላቸውም። ያንን የሚችለው ቤይሊፍ፣ ማለትም የፍርድ አስፈጻሚው ነው፤ ቤይሊፍ የሚመጣው ደግሞ ተፈርዶባችሁ ሳትከፍሉ ስትቀሩ ብቻ ነው። «ሌተር ቢፎር ክሌም» የሚል፣ ከክስ በፊት የሚላክ ማስጠንቀቂያ ከመጣ ግን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙት። ለመመለስ 30 ቀን አላችሁ። ከፍርድ ቤት የክስ ወረቀት ከመጣ ደግሞ ሌላ ሥራ ሁሉ ይቁም። ከደረሳችሁ በ14 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለባችሁ። በዚያ ጊዜ ውስጥ «ደርሶኛል፣ እከራከራለሁ» ብላችሁ ካስመዘገባችሁ መከላከያውን ለመጻፍ በጠቅላላው 28 ቀን ታገኛላችሁ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ሲትዝንስ አድቫይስ ሂዱ፤ በነፃ ያግዟችኋል።

መኪና ተከራይታችሁ ሚኒካብ ለምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች ሁለት ቃል። ደብዳቤው መጀመሪያ የሚሄደው ለአከራዩ ነው። አንዳንድ አከራይ ሳይጠይቃችሁ ከፍሎ ከነአገልግሎት ክፍያው ከተቀማጫችሁ ላይ ይቆርጣል። ከቆረጠ በኋላ ይግባኝ የለም። ውሉን ስትፈርሙ ይሄን ክፍል አንብቡ። የግል ኩባንያ ደብዳቤ ሲመጣ እንዳይከፍሉ፣ ስማችሁን ሰጥተው ወደ እናንተ እንዲያስተላልፉት በጽሑፍ ንገሯቸው። አፑ የመውረጃውን ሒሳብ ከተሳፋሪው ቢቀበልላችሁም ለአየር ማረፊያው የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። በቀን ደጋግማችሁ የምትገቡ ከሆነ «አውቶፔይ» ክፈቱ። በገባችሁ ቁጥር ራሱ ይቆርጣል። መኪና ስትቀይሩ ታርጋውን፣ ካርዳችሁ ሲያልፍበት ካርዱን ማደስ ነው የሚረሳው።

ስትከፍሉ ከአየር ማረፊያው የራሱ መክፈያ ቦታ ጀምሩ። ፍለጋ ላይ መጀመሪያ የሚወጣው ሁሉ እውነተኛ አይደለም፤ አስመስለው የሚሠሩ አሉ። «ያልተከፈለ የፓርኪንግ ዕዳ አለብዎት» ብሎ በቴክስት የሚመጣ ሊንክም አትጫኑ። ኩባንያው ስልካችሁን አያውቅም። ከዲቪኤልኤ የሚያገኘው ስምና አድራሻ ነው።

ብሉ ባጅ የሚባለው የአካል ጉዳተኞች የፓርኪንግ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች በሂትሮው ከዚህ ክፍያ ነፃ ናቸው። ግን ባጁን መስኮት ላይ ማስቀመጥ ብቻውን አይበቃም፤ ካሜራው ባጅ አያነብም። ማመልከት ያስፈልጋል። ብዙ እናቶቻችን ባጁ እያላቸው ይከፍላሉ። ያን ያህል ዕቃ ከሌላችሁ ደግሞ ሎንግ ስቴይ የሚባለው መኪና ማቆሚያ ድረስ ሄዳችሁ ሰው ማውረድ በነፃ ነው፤ ከዚያ ወደ ተርሚናሉ የሚወስደው አውቶቡስም በነፃ ነው። ወደ ተርሚናሉ በሚወስደው መንገድ ዳር ላይ «አንድ ደቂቃ» ብላችሁ ከመቆም ግን ተጠንቀቁ። እዚያ መቆም ክልክል ነው።